መድኃኒቱ አንድ፣ መንገዱ ብዙ



በዚህ ዕትማችን በብዙ ቤተሰብ ውስጥ የሚነሳ፣ ነገር ግን በቂ መልስ ሳያገኝ የሚያልፍ አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ጥያቄውን የሰማነው ዳንግላ ከተማ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ቤት በእንግድነት ተቀምጠን ሳለ ነው።

የቤቱ አባወራ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ሐጂ ናቸው። ለብዙ ዓመታት የጨጓራ ሕመም ሲያሠቃያቸው ኖሯል። ረመዳን ሊገባ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ሐኪም መረመራቸውና የጨጓራ ቁስለት እንዳለባቸው ነገራቸው። ኦሜፕራዞል የተባለውን መድኃኒት ለስምንት ሳምንታት በየቀኑ አንድ አንድ እንዲወስዱም አዘዘላቸው። ወንድ ልጃቸው ማዘዣውን ይዞ ፋርማሲ ሲሄድ ባለሙያዋ ሁለት ካርቶን አውጥታ ከፊቱ አስቀመጠችለት። «ይህኛው ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ያኛው ደግሞ ከሕንድ። መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ ዋጋቸው ግን በጣም ይለያያል» አለችው። ልጁም አባቱን ሳያማክር መግዛት ስላልፈለገ ወደ ቤት ተመለሰ።

ሐጂ ነገሩን ሰምተው ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ልጄ፣ አንዱ ለፍቶ ያገኘውን ሌላው አይቶ ከሠራው ስርቆት ነው። በተሰረቀ ነገር መዳን አልፈልግም። ውዱን አምጣልኝ» አሉት። ውዱም ተገዛ። ገንዘቡ የወጣው ግን በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ለምትማረው ሴት ልጃቸው ለወሩ ወጪ ተብሎ ከተቀመጠው ነበር። ያም ሆኖ መድኃኒቱ ለስምንት ሳምንት የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ሐጂ ለማብቃቃት ሲሉ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ጀመሩ፤ ሕመሙ ቀለል ሲላቸውም የቀረውን ለክፉ ቀን ብለው አስቀመጡት። ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ተመልሶ ስለጠናባቸው ጾማቸውን ለመፍታት ተገደዱ።

ልጃቸው ይህን ሁሉ ካጫወተችን በኋላ፣ «አባዬ ሐራም ፈርተው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ግን በእውነት ስርቆት ነው ወይ? ስርቆት ካልሆነስ ያኛው ለምን እንዲህ ረከሰ?» ስትል ጠየቀችን። እኛም የሁለቱን ጥያቄዎች መልስ ለመላው አንባቢ ይጠቅማል ብለን እነሆ አቀረብነው።

ለመሆኑ ፓተንት ምንድን ነው?

ፓተንት መንግሥት ለአንድ ፈልሳፊ በጽሑፍ የሚሰጠው፣ በጊዜ የተወሰነ መብት ነው። መብቱን ያገኘ ሰው ሌሎች ያለ ፈቃዱ ፈጠራውን እየሠሩ እንዳይነግዱበት መከልከል ይችላል። ይሁን እንጂ መብቱ ያለ ዋጋ አይገኝም። ፈልሳፊው ሥራውን እንዴት እንደሠራ፣ ሌላ የሙያው ባለቤት አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ ዘርዝሮ ለሕዝብ መግለጥ አለበት። እንግዲህ ፓተንት ውል ነው ማለት ይቻላል። ፈልሳፊው ምሥጢሩን ይሰጣል፤ ሕዝቡም ለተወሰኑ ዓመታት ገበያውን ይለቅለታል። ዓመታቱ ሲያበቁ ዕውቀቱ የሁሉም ይሆናል።

በአገራችን ይህን ጉዳይ የሚገዛው በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 ነው። በአዋጁ መሠረት አንድ ሥራ ፓተንት እንዲያገኝ ሦስት ነገሮችን ማሟላት አለበት። አዲስ መሆን፣ ለሙያው ሰው በቀላሉ ከሚገመተው ያለፈ የፈጠራ እርምጃ ያለበት መሆን፣ በተግባርም ሊሠራ የሚችል መሆን ናቸው። መብቱ የሚቆየው ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ነው። ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ደግሞ 5 ዓመት ሊጨመርለት ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ፓተንት ድንበር አለው። በስዊድን ወይም በአሜሪካ የተሰጠ ፓተንት የሚሠራው እዚያው በተሰጠበት አገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያላስመዘገበ ባለ ፓተንት ኢትዮጵያ ውስጥ ማንንም ሊከለክል አይችልም።

ከተማውና መንገዱ

የመድኃኒት ፓተንት ከአንድ ዓይነት በላይ ነው። አንዱ ዓይነት የመድኃኒቱን ፍሬ ነገር፣ ማለትም ራሱን ንጥረ ነገሩን የሚይዝ ነው። ሌላው ዓይነት ንጥረ ነገሩን ሳይሆን የሚሠራበትን መንገድ ብቻ የሚይዝ ሲሆን የአሠራር ፓተንት ይባላል። የሐጂ ጥያቄ የሚፈታው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲገባን ነው።

በምናውቀው አገር እንመስለው። ከእንጅባራ ተነስቶ ዳንግላ ለመግባት የሚፈልግ መንገደኛ አለ እንበል። አንድ ሰው በራሱ ገንዘብና ጉልበት ጫካውን መንጥሮ፣ ወንዙ ላይ ድልድይ ሠርቶ አዲስ አቋራጭ መንገድ ቢያወጣና መንግሥት «በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ለ15 ዓመት ላንተ ይክፈል» ቢለው፣ ያ የአሠራር ፓተንትን ይመስላል። በዚያ መንገድ የሚሄድ መክፈል አለበት፤ በስውር ማለፍ ሐቁን መንካት ነው። ነገር ግን ያ ሰው «ዳንግላ የእኔ ናት፤ በማንኛውም በኩል የሚገባባት ሁሉ ይክፈለኝ» ሊል አይችልም። ሌላው በሌላ ሸለቆ በኩል የራሱን መንገድ ቢያወጣ ነፃ ነው። የንጥረ ነገሩ ፓተንት ግን በከተማይቱ መግቢያዎች ሁሉ ላይ እንደቆመ ኬላ ነው። በየትኛውም በኩል ቢመጡ ያስከፍላል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ግን ኬላው ይነሳል።

የአሠራር ፓተንት አንድ ራሱን የቻለ አስቸጋሪ ባሕርይ አለው። ቅቤን ተመልከቱ። አንዲት እናት በቅል ትንጣለች፤ ሌላዋ በእንስራ፤ የወተት ማኅበሩ ደግሞ በመኪና። ቅቤው ገበያ ከወጣ በኋላ ዓይቶ በምን እንደተናጠ ማወቅ ይከብዳል። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ባለ ፓተንቱ «በእኔ መንገድ ነው የሠራኸው» ብሎ ሲከስ ማስረጃው ያለው በተከሳሹ ፋብሪካ ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሮ ንብረት ስምምነት ለአሠራር ፓተንት ለየት ያለ ደንብ አስቀምጧል። ምርቱ አዲስ ሲሆን፣ ወይም በዚያው መንገድ መሠራቱ በጣም የሚያስጠረጥር ሲሆን፣ ዳኛው ተከሳሹን «በሌላ መንገድ መሥራትህን አንተ አስረዳ» ማለት ይችላል።

መንገድ ራሱ ዕውቀት ነው

አንዳንድ ሰው «አሠራር ብቻ እንዴት ይህን ያህል ዋጋ ይኖረዋል?» ይል ይሆናል። መልሱን ከወባ መድኃኒት እናገኘዋለን። በጃዊና በሌሎች ቆላማ የአዊ አካባቢዎች የሚኖሩ ወገኖቻችን ኳርተም የሚባለውን ኪኒን ያውቁታል። አገራችን ይህን መድኃኒት ለወባ በመጀመሪያ ደረጃ እንዲሰጥ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የመድኃኒቱ መነሻ አርቴሚሲኒን የተባለ፣ በቻይና ከሚበቅል ተክል የተገኘ ንጥረ ነገር ነው።

ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩና ባልደረቦቿ ተክሉን በሙቀት ሲያዘጋጁት ውጤቱ አንዴ ሲገኝ አንዴ ሲጠፋ ያስቸግራቸው ነበር። በጥንት ዘመን የተጻፈ አንድ የሕክምና መጽሐፍ ግን ተክሉን ውኃ ውስጥ ነክሮ መጭመቅን ያመለክት ነበር። ሳይንቲስቷ ከዚህ በመነሳት ሙቀቱ ፍሬ ነገሩን ሳያጠፋው አይቀርም ብላ አሰበች። እ.ኤ.አ. በ1971 ቶሎ በሚፈላው በኤተር፣ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው፤ በአይጦች ላይ የነበረው የወባ ተሕዋስም ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ተክሉ ያው ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው። ያ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላታል። በጊዜው በቻይና የፓተንት ሕግ ስላልነበረ ግኝቱ በፓተንት ሳይያዝ ለዓለም ታትሞ ወጣ።

የሐጂ ካፕሱል ታሪክ

አሁን ወደ ኦሜፕራዞል እንመለስ። ይህን መድኃኒት በስዊድን አስትራ የተባለው ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ሠሩት፤ በ1988 ሎሴክ በሚል ስም ገበያ ላይ ዋለ። ጨጓራ አሲድ የሚያመነጭበትን አካል ስለሚዘጋ ቁስሉ ፋታ አግኝቶ እንዲድን ያደርጋል።

መድኃኒቱ ግን አንድ ድክመት ነበረው። አሲድን ለመቀነስ የተሠራው ነገር ራሱ አሲድ ሲነካው ይበላሻል። በመሆኑም ጨጓራን አልፎ አንጀት እስኪደርስ የሚጠብቀው ሽፋን ያስፈልገዋል። ችግሩ በዚህ አላበቃም። ጨጓራን የሚቋቋመው ሽፋን ራሱ ጥቂት የአሲድነት ባሕርይ ስላለው ከውስጥ ያለውን መድኃኒት ቀስ በቀስ ያበላሸዋል። ተመራማሪዎቹ መፍትሔ ያገኙት በሁለቱ መካከል ሌላ ስስ ሽፋን በማስገባት ነው። ካፕሱሉን ከፍተው ያዩ ሰዎች የሚያውቋቸው ትንንሽ ፍሬዎች እንዲህ በንብርብር የተሠሩ ናቸው። ሐኪሞች ካፕሱሉ ሳይፈጭና ሳይታኘክ ይዋጥ የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኩባንያው ለንጥረ ነገሩ አንድ ፓተንት፣ ለዚህ የንብርብር አሠራር ደግሞ ሌሎች ፓተንቶችን አወጣ። በአሜሪካ የንጥረ ነገሩ ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2001 አበቃ፤ የአሠራሩ ግን እስከ 2007 የሚዘልቅ ነበር። በመንገዱ ምሳሌ ብንናገር፣ ከከተማይቱ መግቢያዎች ላይ ኬላው ተነስቷል፤ ኩባንያው የሠራው ድልድይ ግን ገና ያስከፍላል። አራት ኩባንያዎች ርካሹን ኦሜፕራዞል ለመሸጥ ሲዘጋጁ ክስ ቀረበባቸው። የኒውዮርኩ ፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2002 በሰጠው ፍርድ ሦስቱ የፓተንቱን አሠራር ተጠቅመዋል ሲል ወሰነባቸው። አራተኛው ኩባንያ ግን አሠራሩ ከፓተንቱ ወሰን ውጭ ሆኖ ስለተገኘ ነፃ ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይም መድኃኒቱን ለገበያ አቀረበ።

ውድ አንባቢያን! ይህ ፍርድ የልጅቷን የመጀመሪያ ጥያቄ በግልጽ ይመልሳል። አራቱም የሠሩት አንድ መድኃኒት ነው። ሕጉ ግን አራቱንም ሌባ አላላቸውም፤ አራቱንም ንጹሕ አላላቸውም። የጠየቀው «ምን ሠራችሁ?» ብሎ ሳይሆን «በየት በኩል ሄዳችሁ?» ብሎ ነው። ዛሬ ደግሞ እነዚያም የአሠራር ፓተንቶች ጊዜያቸው ካለፈ ቆይቷል። ለሐጂ የቀረበላቸው ርካሽ ካፕሱል ማንም ሊሠራው የሚችል፣ የዓለም ሁሉ ዕውቀት የሆነ መድኃኒት ነው።

ሕንድ እንዴት የድሃው ዓለም ፋርማሲ ሆነች?

በፋርማሲዎቻችን መደርደሪያ ላይ የሕንድ መድኃኒት የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣችው የፓተንት ሕግ ለመድኃኒት ንጥረ ነገር ፓተንት አይሰጥም ነበር። የሚሰጠው ለአሠራሩ ብቻ ሲሆን ዘመኑም ቢበዛ 7 ዓመት ነበር። ስለዚህ የአገሪቱ ኬሚስቶች አንድን መድኃኒት በአዲስ መንገድ መሥራት የዕለት ተዕለት ሥራቸው ሆነ። ይህ ሕንድ ብቻዋን የፈጠረችው ዘዴም አልነበረም። በመድኃኒት ሥራ ስሟ የገነነው ጀርመን ራሷ ከ1877 አንስቶ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ለመድኃኒት የምትሰጠው ፓተንት የአሠራር ብቻ ነበር። ስዊዘርላንድም እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ በዚሁ ሥርዓት ቆይታለች።

ከሕንድ ኩባንያዎች አንዱ ሲፕላ ነው። በ1935 የመሠረቱት ኽዋጃ አብዱል ሐሚድ የተባሉ ሙስሊም ኬሚስት ሲሆኑ፣ በካምብሪጅ ኬሚስትሪ ተምሮ ዶክትሬት ያገኘው ልጃቸው ዩሱፍ ሐሚድ በኋላ መሪው ሆነ። በዘጠናዎቹ ዓመታት ኤችአይቪ አፍሪካን ሲያረግፍ፣ ሦስቱን የኤችአይቪ መድኃኒቶች አንድ ላይ መውሰድ በበለጸጉት አገሮች በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ዩሱፍ ሐሚድ እነዚያኑ መድኃኒቶች ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት በ350 ዶላር ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ለማቅረብ ዝግጁ መሆኑን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ዋጋው በየዓመቱ እየወረደ ሄደ። በአገራችንም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር የዋጋው መውረድ ትልቅ እገዛ አድርጓል። ሕንድ ከጥር 1 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጓን ለውጣ ለንጥረ ነገርም ፓተንት ትሰጣለች፤ በእነዚያ ሠላሳ ያህል ዓመታት የተገነባው ችሎታ ግን አለ።

እንግዲህ «ለምን ረከሰ?» ለሚለው ሁለተኛ ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ርካሹን የሚሠራው ኩባንያ መድኃኒቱን ለመፈለግ፣ ሳይሳካ ለቀረው ሙከራና ለመጀመሪያው የሕክምና ጥናት የወጣውን ከባድ ወጪ አልተሸከመም። በዚያ ላይ ብዙ አምራቾች ስለሚፎካከሩ ዋጋው ይወርዳል። ዋጋው የወረደው ፍሬ ነገሩ ስለጎደለ አይደለም። የመጀመሪያውም ፈልሳፊ ቢሆን በፓተንቱ ዘመን ብቻውን ሸጦ የልፋቱን ዋጋ እንዲያገኝ ዕድል ተሰጥቶታል። ፈልሳፊ ካልተከፈለው ነገ አዲስ መድኃኒት የሚፈልግ አይኖርም፤ ዘመኑ ካላበቃም ድሃ አይታከምም። ሕጉ የሁለቱን ሐቅ ለማስታረቅ የተቀመጠ ሚዛን ነው።

የሸሪዓ ሊቃውንት ምን አሉ?

የሐጂ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 በኩዌት ባደረገው አምስተኛ ጉባኤው ይህንኑ ጉዳይ መርምሯል። በውሳኔ ቁጥር 43 የንግድ ስም፣ የንግድ ምልክት፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በዘመናችን ልማድ የገንዘብ ዋጋ ያላቸው፣ በሸሪዓ የታወቁ የባለቤቶቻቸው መብቶች መሆናቸውንና መደፈር እንደማይገባቸው አስታውቋል። ስለዚህ «ዕውቀት የአላህ ነው፤ ማንም የማንንም ፈጠራ ቢወስድ ግድ የለም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ሐጂ በዚህ ረገድ ያሰቡት ደግ ነው።

ይሁን እንጂ መብት የሚከበረው በወሰኑ ልክ ነው። ጎረቤቴ የማሳው ባለቤት ነው ማለት በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ የእሱ ነው ማለት አይደለም። ዘመኑ ያለፈበትን መድኃኒት መሥራት፣ በሌላ መንገድ ደክሞ እዚያው መድረስ፣ ወይም ባለቤቱን አስፈቅዶ መሥራት የማንንም ሐቅ አይነካም። ሐቅን የሚነካው ሕያው የሆነን ፓተንት መጣስ ነው፤ የዚያም ኃላፊነት በዋናነት የሚወድቀው በአምራቹና በነጋዴው ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋ ሌላ ነገርም አለ። እርሱም ሐሰተኛ መድኃኒት ነው። የሌላውን ስምና ካርቶን አስመስሎ ውስጡን ዱቄት የሚሞላ ሰው የሰው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ነፍስም ይሰርቃል። ብዙ ሰው በስም ያልታወቀውን ሕጋዊ መድኃኒት ከዚህ ጋር ስለሚያምታታው ነው ርካሹን ሁሉ የሚጠረጥረው። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

የጤፋችን ትምህርት

የአሠራር ፓተንት የእኛንም ደጅ አንኳኩቷል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጤፍን ከአጨዳ በኋላ አቆይቶ በመፍጨት ለመጋገር የሚስማማ ዱቄት የሚገኝበትን አሠራር የእኔ ፈጠራ ነው ሲል አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአገራችን ተቋማት ጋር ጥቅም ለመጋራት ተፈራረመ፤ በ2007 ደግሞ የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት ፓተንቱን ሰጠው። ኩባንያው ግን በ2009 ከሠረ፤ ኢትዮጵያም ተስፋ ካደረገችው ጥቅም ያገኘችው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ፓተንቱ በሌሎች እጅ ቆይቶ በ2018 መጨረሻ ላይ በባለ ፓተንቱና በሌላ ኩባንያ መካከል በተነሳ ክርክር የሄግ ፍርድ ቤት መረመረውና የፈጠራ እርምጃ የለውም ብሎ በኔዘርላንድ ውስጥ ሰረዘው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ያ ፓተንት ጤፍን ራሱን የያዘ አልነበረም፤ ጤፍ ተሸጠ ተብሎ ሲወራ የነበረው ነገሩን ካለማወቅ ነው። ሁለተኛ፣ ፓተንት መሰጠቱ ብቻ የመጨረሻ ቃል አይደለም። አስቀድሞ የታወቀን ነገር የሚያስረዳ ሰው ከተገኘ ይፈርሳል። ለማስረዳት ግን የተጻፈ ነገር ያስፈልጋል። በአዊ ምድር ኮሶውን፣ እንዶዱንና ሌላውን ዕፀዋት ለምን እንደሚጠቅምና እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው፤ ዕውቀታቸው ግን አብሯቸው ወደ መቃብር ይወርዳል። የጀነቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482 በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ ማንም እንዲህ ያለውን ዕውቀት ለመጠቀም ቢፈልግ የማኅበረሰቡን ፈቃድ እንዲያገኝና ጥቅሙን እንዲያካፍል አዟል። ሕጉ የሚጠቅመው ግን ዕውቀቱን ላወቀና ለመዘገበ ማኅበረሰብ ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ለቤተሰብ የምንመክረው ይህ ነው። መድኃኒት ስትገዙ በትልቁ ከተጻፈው የንግድ ስም በታች ያለውን የመድኃኒቱን መጠሪያ ስም፣ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። ሁለት ካርቶኖች ላይ ያው ስምና ያው መጠን ከተጻፈ በመካከላቸው ስላለው ልዩነት ፋርማሲስቱን ጠይቁ። በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መድኃኒት ዋጋው ስለረከሰ ብቻ አትናቁት። ከገበያ መደብ፣ ከሻንጣ፣ ካርቶን ከሌለው ብልቃጥ ግን አትግዙ። ከሁሉም በላይ፣ ውዱን ገዝቶ አጉድሎ ከመውሰድ ርካሹን ገዝቶ የታዘዘውን መጨረስ ይሻላል። አቅም ካነሳችሁ ለሐኪሙ መንገር ነውር አይደለም። በረመዳን መድኃኒቱን በየትኛው ሰዓት መውሰድ እንደሚገባም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ጠይቁ።

ለወጣቶች ደግሞ፣ በተለይ ኬሚስትሪና ፋርማሲ ለምትማሩ፣ አንድ ቃል አለን። «ሁሉ ነገር ተሠርቶ አልቋል» አትበሉ። ጊዜው ያለፈበት ፓተንት ማለት አንድ ሊቅ ሥራውን ዘርዝሮ የጻፈው፣ ዛሬ ማንም አንብቦ ሊሠራበት የሚችለው ደብተር ነው። ጊዜው ያላለፈበትም ቢሆን ለማንበብና ለመማር አይከለከልም፤ የአገራችን አዋጅም ለሳይንሳዊ ምርምርና ሙከራ ብቻ የሚደረገውን አይከለክልም። የሕንድ ወጣቶች የጀመሩት በዚህ ነው። ከተማው አንድ ቢሆንም መንገዱ ገና ብዙ ነው።

በመጨረሻም ወደ ዳንግላው ቤት እንመለስ። ይህን ሁሉ ከልጃቸው ጋር ሆነን ለሐጂ ስናስረዳ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ካርቶኖች ጎን ለጎን ይዘው ቆዩ። ልጅቷ በጣቷ እየጠቆመች ትንሹን ጽሑፍ አነበበችላቸው። ስሙም መጠኑም አንድ ነበር። ሐጂ ብዙ አልተናገሩም። «እኔ የማላውቀውን የሩቅ ሰው ሐቅ ስጠብቅ፣ የቅርቧን የልጄን ሐቅ በልቻለሁ ለካ» አሉና ርካሹን ካርቶን ኪሳቸው ከተቱት። ሐኪሙም ሕክምናውን እንደገና ከመጀመሪያው አስጀምሯቸዋል፤ በዚህ ጊዜ አንድም ቀን ሳይዘሉ እየወሰዱ ነው።

አላህ ለታመሙ ሁሉ ሽፋእ ይስጥልን። ወሏሁ አዕለም።